የሽያጭ ቀለም

ክረምቱ ወጥቶ መስቀል ሲያልፍ በአምቦ ሰፈሮች የቡርሽ ድምፅ ይሰማል። ለበዓል የሚቀባ ቤት አለ፤ ለሠርግ የሚቀባ አለ፤ ኀዘኑ ስለወጣለት የሚታደስም አለ። በእነዚህ ላይ ቅሬታ የለኝም። ብዕር ያስነሳኝ አራተኛው ዓይነት ቀለም ነው። ይህኛው የሚቀባው በቤቱ ለሚኖረው ሰው ዓይን አይደለም፤ ለመጪው እንግዳ ዓይን ነው። ዕድሜው ከቀብዱ ቀን እስከ ስም ዝውውሩ ቀን ቢደርስ ለባለቤቱ ይበቃዋል። አንድ ደላላ "የሽያጭ ቀለም" ብሎ ሲጠራው ሰምቻለሁ። ስሙ ልክ ነው፤ የሚቀባው ሽያጩ እንጂ ቤቱ አይደለምና።

ይህ ልማድ የአምቦ ብቻ አይደለም። በጊንጪም፣ በጉደርም፣ በጌዶም፣ በባኮም ያው ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ይበልጥ ተራቅቆ ይሠራል። እኔ የማውቀው ምዕራብ ሸዋን ስለሆነ በእርሱ ልናገር። የምናገረውም ሌላውን ለመክሰስ ብቻ አይደለም። እኔ ራሴ ይህን ቡርሽ የጨበጥሁ ሰው ነኝ፤ ተራው ሲደርስ አልደብቅም።

ለመሆኑ ቤቱን የሚሸጥ ሰው በሐምሌ ገዢ የማይጠራው ለምንድን ነው? ቢጠይቁት መንገዱ ጭቃ ነው ይላል፤ ገንዘብ የሚገኘው አዝመራ ሲገባ ነው ይላል። ሁለቱም እውነት ነው። ሦስተኛውን እውነት ግን አይናገርም፤ በሐምሌ ቤቱ ራሱ ይናገራል። ጣሪያው ያፈስሳል፣ ግድግዳው ያልበዋል፣ በሩ አብጦ አልዘጋ ይላል፣ ጓዳው ይሸታል። በኅዳር ግን ሁሉም ዝም ይላል። ዝምታውን ነው እንግዲህ በቀለም አስጊጠን የምንሸጠው።

የቤቶቻችንን ሕመም ለማያውቅ ከአፈሩ ልጀምር። ከጊንጪ ወደ አምቦ በሚዘልቀው አገር ሰፊው ሜዳ ጥቁር ዋልካ ነው፤ የአገሩ ሰው ኮቲቻ ይለዋል። ጊንጪ ላይ የግብርና ተመራማሪዎች ውሃው እንዴት እንደሚጠነፈፍለት ለማወቅ ለዓመታት የደከሙበት አፈር ነው። ዋልካ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ በበጋው ማብቂያ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። ገበሬው ጠባዩን ስለሚያውቅ ጊዜውን ጠብቆ ያርሰዋል። ቤት ግን እንደ ቀንበር አንስተው ወደ ደረቅ ቦታ የሚያዛውሩት ነገር አይደለም። መሠረቱ ጥልቀት ከሌለው ዋልካው በክረምት ወደ ላይ ይገፋዋል፣ በበጋ ይለቅቀዋል። ከዚህ መነሣትና መቀመጥ ከበርና ከመስኮት ማዕዘን ተነሥቶ በሰያፍ ወደ ጣሪያ የሚሄድ ስንጥቅ ይወለዳል። ይህ ስንጥቅ የልስን ጉድለት አይደለም፤ ከሥር የመጣ መልእክት ነው።

ወደ ግድግዳው እንምጣ። ብዙው ቤታችን የጭቃ ቤት ነው። የባሕር ዛፍ ቋሚ ይተከላል፣ ማገር ይመታል፣ በጭድ የተቦካ ጭቃ ይመረጋል፣ ቆርቆሮ ይለብሳል፤ አቅም ሲገኝ በሲሚንቶ ይለሰናል። በአግባቡ የተሠራ የጭቃ ቤት ልጅ አሳድጎ አያት ይጦራል፤ እኔም ያደግሁት በእንዲህ ያለው ነውና አላናንቀውም። ድካሙ ግን ያለው አንድ ስንዝር ላይ ነው፤ ቋሚው ከመሬት በሚገናኝበት ስንዝር ላይ። እርጥበትና አየር የሚገናኙት እዚያ ስለሆነ እንጨቱ ቀድሞ የሚበሰብሰው እዚያ ነው። ምስጥም የሚገባው በዚያው ነው። ጥንቁቅ ግንበኛ የቋሚውን እግር በእሳት ይለበልበዋል፣ ወይም የተቃጠለ ዘይት ይቀባዋል። ይህ ያልተደረገለት ቋሚ ከወገቡ በላይ ጎበዝ መስሎ እግሩ ግን የለም።

በገበያ በሬ የሚገዛ ሰው መጀመሪያ አፉን ከፍቶ ጥርሱን ያያል። የቤት ጥርሱ ይህ የቋሚ እግር ነው። በሬ ሻጭም ጥርሱን አታሳዩ አይልም፤ ጨዋ ከሆነ "ይዋጋል"፣ "ቀኝ ካልጠመዱት አይሄድም" ብሎ ነውሩን ራሱ ይናገራል። በሬ ሲሸጥ ነውሩን የሚናገር ሰው ቤት ሲሸጥ የሚሸፍነው ምን ነክቶት ነው?

"ቤቱን ለገዢ ማዘጋጀት" የሚባለውን እንግዲህ ልዘርዝረው። ስንጥቁ በጀሶ ይሞላና ቀለም ይሄድበታል። የረጠበው የግድግዳ እግር ዙሪያውን በጥቁር ዘይት ቀለም ይቀባል፤ ላየው ጌጥ ይመስላል። የፈሰሰ ውሃ ካርታ የሣለበት ኮርኒስ ወርዶ አዲስ ቺፕውድ ይመታል፤ ከበላዩ ያለው ቆርቆሮ ግን የምስማሩ ቀዳዳ የዛገው የድሮው ነው። ያበጠው በር በመላጊያ ይላጋል። በተሰነጠቀው ሊሾ ላይ የፕላስቲክ ምንጣፍ ይነጠፋል። በሞላው የሽንት ቤት ጉድጓድ ላይ አመድ ይነሰነሳል። የበሰበሰው ማዕዘን ላይ ቁም ሣጥን ይጠጋል። በመጨረሻም ገዢው በሚመጣበት ሰዓት ቡና ይቆላል፣ ዕጣን ይጨሳል። ዕጣኑ ለእንግዳው ክብር መስሎ የሚጨሰው ለሻጋታው ሽታ ነው።

አሁን የራሴን ልናገር። እናታችን ካረፈች በኋላ ወንድሞቼና እኔ አምቦ ያለውን ቤቷን ለመሸጥ ተስማማን። የጓዳው ሦስት ቋሚዎች መበስበሳቸውን አውቅ ነበር። እናቴ በሕይወት ሳለች "ልጄ፣ ጓዳው ተቀምጧል፤ አሠራልኝ" ትለኝ ነበር። እኔም "ከክረምት በኋላ" እላት ነበር። ስንት ክረምት እንዳለፈ አልቆጥርም። እርሷ ከሞተች በኋላ ግን አንድ ቀለም ቀቢና ሁለት ከረጢት ጀሶ ለማግኘት ሦስት ቀን አልፈጀብኝም።

ገዢው ወጣት መምህር ነበር፤ ሚስቱ ሕፃን አቅፋ አብራው መጣች። ቤቱን ዞረው አዩት፤ ጓዳውንም አዩት። ሊወጣ ሲል "ጋሼ፣ ቤቱ ችግር የለበትም አይደል?" አለኝ። እኔም "እናቴ አርባ ዓመት የኖረችበት ቤት ነው" አልሁት። የተናገርሁት እያንዳንዱ ቃል እውነት ነበር። ከዚያ የበለጠ ውሸት ግን በሕይወቴ ተናግሬ አላውቅም።

በሚቀጥለው ነሐሴ በአንድ ሌሊት ዝናብ የጓዳው ግድግዳ ወደ ውስጥ ወደቀ። ሦስቱም በዋናው ክፍል ተኝተው ስለነበር ተረፉ፤ የተጎዳው ምጣድና እንስራ ነው። መምህሩ ያለሁበት ድረስ መጣ። አልጮኸም፣ ክስም አላነሣም። "ጋሼ፣ ያውቁ ነበር እንዴ?" ብሎ ብቻ ጠየቀኝ። "አላውቅም ነበር" አልሁት። "እንግዲያው የእግዜር ነገር ነው" ብሎ ሄደ። የራሴን ሥራ ለእግዚአብሔር አሸክሜ ላክሁት ማለት ነው። ኋላ ለማሠሪያ የሚሆን ገንዘብ ልኬለት ተቀበለ። እውነቱን ግን አልላክሁለትም ነበር፤ እነሆ አሁን ጻፍሁት። አውቅ ነበር።

ይህን ስናገር የሚመልሱልኝን አውቃለሁ፤ እኔም ለራሴ ስመልስ የኖርሁት ነውና። አንድ በአንድ ልያቸው።

የመጀመሪያው "ዓይን ያለው ይይ" የሚለው ነው። ገዢ ሕፃን አይደለም፤ አይቶ ይግዛ ይላሉ። መልካም። ግን ይህን የሚለው ማን ነው? ዓይን የሚያየውን ነገር በጀሶ የደፈነው ሰው ነው። የሰውን ዓይን በእጁ ከሸፈነ በኋላ ለምን አላየህም ብሎ የሚወቅስ ሰው ምን ይባላል? ቤቱን ሳይነካ እንዳለ ያቀረበ ሻጭ "አይተህ ግዛ" ቢል ይከበራል። የቀባው ሰው ግን ይህን ቃል የመናገር መብቱን ከቀለሙ ጋር አብሮ ጨርሶታል።

ሁለተኛው "የሚገዛው ቦታውን ነው፤ ቤቱንማ አፍርሶ ይሠራዋል" የሚለው ነው። ይህን የሚናገሩ ሰዎች ብልጥ መስለው ይታዩኝ ነበር። ነገር ግን ትንሽ እናስብ። ከሐምሌ 1967 ዓ.ም. አዋጅ ወዲህ የከተማ ቦታ የመንግሥት ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም ይላል፤ ሰው ሊሸጠው የሚችለው በጉልበቱና በገንዘቡ የሠራውን ነው። በሌላ አገር መሬትና ቤት አብረው ስለሚሸጡ ሻጩ "ዋናው መሬቱ ነው" ብሎ ሊያመካኝ ይችል ይሆናል። በእኛ አገር ግን በውሉ ላይ የሚጻፈው የተሸጠ ነገር ቤቱ ብቻ ነው። ሕግ እንድትሸጥ የፈቀደልህ አንድ ነገር ቢኖር ግድግዳህና ጣሪያህ ነው። የእነርሱን ሁኔታ ከደበቅህ የዕቃውን አንድ ክፍል አልደበቅህም፤ ዕቃውን በሙሉ ደብቀሃል። ደግሞስ ያ መምህር ቤቱን አፍርሶ የሚሠራ ገንዘብ ቢኖረው የእናቴን ቤት ምን አስገዛው?

ሦስተኛው "ሁሉም ያደርገዋል፤ እውነት የተናገረ ይከስራል" የሚለው ነው። ከሁሉ የሚከብደው ይህ ነው፤ ግማሹ እውነት ስለሆነ። ነውሩን የተናገረ ሻጭ ዋጋው ይወርድበታል። ገዢዎችም ንጹሕ አይደሉም፤ ሻጩ አንድ የበሰበሰ ቋሚ ሲያሳያቸው የመላውን ቤት ዋጋ በግማሽ ለመቁረጥ የሚነሡ አሉ። እንዲህ ያለው ገዢ እውነተኛውን ሻጭ ቀጥቶ ውሸታሙን የሚሸልም ስለሆነ ከቀለም ቀቢው የሚሻልበት ነገር አይታየኝም። ይሁን እንጂ ሒሳቡን እስከ መጨረሻው እናስላው። ሁሉም ሻጭ እንደሚቀባ ሁሉም ገዢ ካወቀ፣ ገዢው የትኛው ቤት ጤነኛ እንደሆነ መለየት ስለማይችል ለሁሉም የሚሰጠው የበሽተኛ ዋጋ ነው። ያን ጊዜ የሚከስረው ቋሚውን ለብልቦ የተከለው፣ ቆርቆሮውን በጊዜው የቀየረው፣ ጉድጓዱን ያስመጠጠው ሰው ነው። ለቀቢው ውሸት ዋጋ የሚከፍለው ያልቀባው ጎረቤቱ ነው።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስቅ ነገር ልጨምር። ያው ሻጭ የማዘጋጃ ቤት ገማች ሲመጣበት ምን እንደሚያደርግ አይታችኋል? ቁም ሣጥኑን ያስነሣል፤ "ኧረ ይህ ቤት አልቆለታል፤ ይኸው ስንጥቁን እይልኝ" ይላል። ግምቱ ዝቅ ብሎ የሚከፍለው እንዲያንስ ነው። ከገማቹ ፊት ፍርስራሽ የነበረው ቤት ከገዢው ፊት ቪላ ይሆናል። ስለዚህ አላየሁም፣ አላወቅሁም ማለት አይቻልም። ጉድለቱን እናውቀዋለን፤ ጠቀሜታ ባለው ቀን እናወጣዋለን፣ ጉዳት ባለው ቀን እንቀብረዋለን።

ሕጉስ ምን ይላል? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በዚህ ነገር ዝም አላለም። የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ እንዲሆንና በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን ባለው ፊት እንዲደረግ በቁጥር 1723 ያዝዛል። ሻጭም ስለሸጠው ነገር ጉድለት ዋስ እንደሆነ፣ ገዢ የሚያውቀው ወይም በግልጽ የሚታይ ጉድለት ሲሆን ግን ይህ ዋስትና እንደማይጠየቅ ይናገራል። ልብ በሉ፤ በግልጽ የሚታየው የገዢው ዕዳ ነው፤ የተሰወረው የሻጩ። ስንጥቁን በጀሶ የደፈነ ሰው እንግዲህ ጉድለቱን ከገዢው ዕዳ አውጥቶ በገዛ እጁ ወደ ራሱ ዕዳ አዛውሮታል። ሕጉ መልካም ነው። ግን የውል ጸሐፊዎቻችን በየውሉ ላይ "ገዢ ቤቱን አይቶና ወድዶ ገዝቷል" የምትል አንዲት መስመር ይሰካሉ፤ ውሉ በኦሮምኛም ይጻፍ በአማርኛ መስመሯ አትቀርም። መምህሩም ፈርሞባታል። ደመወዝተኛ ሰው፣ ልጅ ያለው፣ ጓዳው የፈረሰ፣ ከአምቦ አዲስ አበባ እየተመላለሰ ያወቅሁትን ነገር ማወቄን በማስረጃ ያረጋግጥ ዘንድ እንጠብቅ?

ቤት የሚመረምር የለም ወይ የሚል ይኖራል። አለ። የባንክ መሐንዲስ አለ፤ ብድር ሲጠየቅ መጥቶ ያያል። የማዘጋጃ ቤት ገማች አለ፤ ለካ፣ የዕቃውን ዓይነት መዝግቦ ይሄዳል። ሁለቱም ግን የሚያዩት ለላካቸው ነው፤ አንዱ ለመያዣው፣ ሌላው ለክፍያው። ለገዢው ብሎ ምስማር ይዞ ቋሚውን የሚወጋለት ማንም የለም። ደላላው እንዳይባል ደላላው የሚበላው ሽያጩ ሲፈጸም ነው።

የሌላው ዓለም ሰዎች ከእኛ የተሻለ ልብ ስላላቸው አይደለም ሥርዐት ያበጁት፤ ተታልለው ስለመረራቸው ነው። ፈረንሳዮች በ1999 እ.ኤ.አ. ባወጡት ሕግ ምስጥ በገባባቸው አካባቢዎች ቤት ሲሸጥ የምስጥ ምርመራ ወረቀት ከውሉ ጋር እንዲቀርብ አደረጉ። ዴንማርኮች ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሻጩ ቤቱን በባለሙያ አስመርምሮ ሪፖርቱን ለገዢው የሚሰጥበትን ሥርዐት ዘረጉ። በብዙ የአሜሪካ ክፍለ ግዛቶች ሻጩ የሚያውቀውን ጉድለት በቅጽ ሞልቶ ይፈርማል። ሁሉም አልሠመረም፤ እንግሊዞች በ2007 እ.ኤ.አ. ሻጭ የመረጃ ጥራዝ እንዲያቀርብ አስገድደው በ2010 ሸክም ሆነ ብለው ተዉት። ስለዚህ ከውጭ ቅጽ ቀድተን እናምጣ አልልም። ወረቀት መውደዳችን የታወቀ ነው፤ ማኅተም ያለበት ሌላ የሽያጭ ቀለም እንዳይሆንብን እፈራለሁ።

የምጠይቀው በእጃችን ያለውን ነው። አንደኛ፣ ገዢ ቀብድ ሳይከፍል ግንበኛ ይዞ ይምጣ፤ ሻጭም ግንበኛው የቋሚዎቹን እግር በምስማር እንዲወጋ፣ ኮርኒሱን ከፍቶ ቆርቆሮውን እንዲያይ ይፍቀድ። የማይፈቅድ ሻጭ መልሱን ሰጥቷል ማለት ነው። ሁለተኛ፣ "አይቶና ወድዶ" በምትለው መስመር ፋንታ የሚታወቀው ጉድለት በዝርዝር ይጻፍና ሻጭና ገዢ ይፈርሙበት። ይህ ሻጩንም ይጠቅመዋል፤ የተጻፈውን ጉድለት ነገ ማንም አይጠይቀውም። ምስክሮችም ገንዘብ ሲቆጠር ብቻ ከመገኘት ቤቱን አንድ ጊዜ ይዙሩት። ሦስተኛ፣ ከዋጋው ጥቂቱ አንድ ክረምት እስኪያልፍ በሁለቱ ስምምነት በመሐል ሰው ይያዝ። ይህ አዲስ ነገር አይደለም፤ በሕንፃ ሥራ ውል ጊዜያዊ ርክክብና የመጨረሻ ርክክብ አለ፤ በመካከሉ ከተቋራጩ ገንዘብ ይያዝበታል። ለትልቁ ሕንፃ የሠራ ብልሃት ለትንሹ ቤት የማይሠራበት ምክንያት አይታየኝም።

ቤታችሁን አታጽዱ ማለቴም አይደለም። ጥረጉት፣ ግቢውን አጽዱት፣ ብትፈልጉ ኖራም ቀቡት፤ እንግዳ ተቀብሎ በንጹሕ ቤት ማስገባት ወግ ነው። ማጽዳት ሌላ፣ መደበቅ ሌላ ነው። መለያውም ቀላል ነው። ልትቀባ ቡርሹን ስታነሣ ገዢው አጠገብህ ቢቆም እጅህ ይቀጥላል ወይስ ይቆማል? ከቆመ አውቀኸዋል።

ይህን የተማርሁት ከአንድ ሽማግሌ ግንበኛ ነው። የጓዳው ግድግዳ ከወደቀ ከዓመታት በኋላ የራሴን ቤት ስንጥቅ እንዲያይልኝ ጠራሁት። ጥቂት ጀሶ በጠበጠና በስንጥቁ ላይ እንደ ማኅተም አጋድሞ ለጠፈው፤ በላዩም በምስማር ቀኑን ጻፈበት። "ይህ ከተሰነጠቀ ቤቱ እየሄደ ነው፤ ካልተሰነጠቀ ቁሟል። እስከ መስቀል ተወው" አለኝ። እኔ በእናቴ ቤት የተጠቀምሁበት ያው ነጭ ጀሶ ነበር። የእኔ የነበረውን ለመደበቅ ነበር፤ የእርሱ የሚመጣውን ለማየት።

ክረምቱ ወጣ፤ ጀሶው ከመካከሉ ተሰንጥቆ አገኘሁት። ቤቱን መሸጥ አስቤ ነበርና አንድ ገዢ ሲመጣ ጀሶውን ከነቀኑ አሳየሁት። ዋጋውን ቀነሰብኝ፤ አልተስማማንምና ሄደ። ሌላው መጣ፤ እርሱም ቀነሰ፤ ከሁለት ቀን በኋላ ግን ተመልሶ "ጋሼ፣ ሌሎች ያየኋቸው ቤቶች አንድም ስንጥቅ የላቸውም፤ ስለዚህ አላመንኋቸውም" አለና ገዛኝ። ከጠየቅሁት ያነሰ ገንዘብ ተቀበልሁ። በነሐሴ ሌሊት ዝናብ ሲበረታ ግን ያን ቤት እያሰብሁ አልነቃም። የምነቃው እስከ ዛሬ ስለ እናቴ ጓዳ ነው።